ቅዳሜ ፎቶ ሹት አለኝ፣ እጄን የት ነው ማደርገው?

የቧንቧውሃዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ደሴ ነኝ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኮምቦልቻ የሀበሻ ቀሚስ እየሰፋች ምትሸጥ አንዲት ልጅ አለች፣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ አይታኝ ቁመትሽ አሪፍ ነው ለቴሌግራም ቻናሌ 5 ቀሚስ ለብሰሽ ትነሺልኛለሽ ወይ አለችኝ፣ እኔም ሙዚቃው እየጮኸ ስለነበር መሰለኝ ሳላስብ እሺ አልኩ። ክፍያው ከ5ቱ 2ቱን ቀሚስ መውሰድ ነው። ፎቶ አንሺውን እሷ ናት ምታመጣው፣ ጠዋት ደሴ አይጠየፍ ግቢ፣ ከዛ ወደ ኮምቦልቻ ሚወርደው ሐረጎ መንገድ ላይ፣ ከሰአት ኮምቦልቻ ስቱዲዮ ነው ፕሮግራሙ።

ችግሩ እኔ ካሜራ ሳይ ድርቅ ነው ምለው። ከጓደኞቼ ጋር እየሳቅን ደህና እሆናለሁ፣ አንድ ሰው ቆይ ላንሳሽ ሲለኝ ግን እጄ ወደ ታች ይንጠለጠላል ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል ፈገግታዬ ደግሞ ጥርስ ሀኪም ጋ እንደሄደ ሰው ይሆናል። 3 ቀን ሙሉ መስታወት ፊት ስለማመድ ታናሽ ወንድሜ አይቶኝ ፖሊስ ጣቢያ የቀረብሽ ነው ምትመስዪው አለኝ። እናቴ ደግሞ ፎቶ አንሺው ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ ከማን ጋር ነው ምትሄጂው እያለች ነው። ከዚህ በፊት የሰራችሁ ካላችሁ ከዛሬ ጀምሮ ምን ልዘጋጅ፣ ፊቴን ምን ላርገው፣ ከሁሉም በላይ እጄን የት ነው ማደርገው? ቅዳሜ እኮ ሊደርስ 5 ቀን ነው የቀረው 😭

ፒያሳ_ነኝ፦
አብሽሪ፣ እጅሽን ቤት ትተሽው ሂጂ 😂

ቦርከና_ካሜራ፦
እህቴ እኔ ኮምቦልቻ ነው ምሰራው፣ እንጀራዬ ሰርግ ነው ግን ለልብስ ሻጮችም አነሳለሁ፣ ስለዚህ ከሌንሱ ጀርባ ሆኜ ማየውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሚስተው ነገር፣ ቅዳሜ ሚሸጠው ቀሚሱ ነው አንቺ አደለሽም። ይሄን ምልሽ ላስከፋሽ ሳይሆን ሸክሙን ላወርድልሽ ነው። ቻናሉን ከፍታ ምታየው ሴትዮ አፍንጫሽን አደለም ምትመረምረው፣ ጥበቡ እስከ የት ነው፣ ወገቡ ይይዛል ወይ፣ እጅጌው ሰፊ ነው ጠባብ፣ ከኋላ ዚፕ ነው ማሰሪያ፣ እሱን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀሚስ ከመልበስሽ በፊት ሰፊዋን የዚህኛው ዋና ነገሩ ምኑ ነው ብለሽ ጠይቂያት። ጥልፉ ደረት ላይ ከሆነ እጅሽ እዛ አይሄድም፣ ይሸፍነዋል። ዋናው እጅጌው ከሆነ ክንድሽን አንስተሽ አሳዪው። ታች ጫፉ ከሆነ ቀሚሱን በ2 ጣት ቆንጠጥ አርገሽ ዘርጊው። እጄን የት ላርግ ላልሽው ግማሽ መልሱ ቀሚሱ ጋ ነው ያለው።

ሌላውን ግማሽ ነጠላው ይመልስልሻል። ያለ ነጠላ ምትነሳ ሴት ሁሌ ትቸገራለች፣ ነጠላ ካለ ግን ጫፉን ትይዣለሽ፣ ትከሻሽ ላይ ታስተካክዪዋለሽ፣ ክንድሽ ላይ ትጥዪዋለሽ፣ ነፋስ ካለ ትለቂዋለሽ፣ እጅ ስራ አገኘ ማለት ነው። ብቻ አጣጣሉን ተጠንቀቂ፣ ጥበቡ ተገልብጦ አንገትሽና ፊትሽ ጋ ከመጣ የለቅሶ አለባበስ ነው፣ እናቶች ኮሜንት ላይ ይጨርሱሻል። አንዴ እኔ ራሴ ሳላይ አንስቼ ደንበኛዬ ለጥፋው የደረሰብንን እኔ ነኝ ማውቀው።

አቋቋም ላይ ደግሞ፣ 2 እግርሽ ላይ እኩል ከቆምሽ መታወቂያ ነው ሚሆነው። ክብደትሽን የኋለኛው እግር ላይ ጣይው፣ የፊተኛው ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ፣ ዳሌሽ ራሱ ቦታውን ያገኛል። ደረትሽን ቀጥታ ለካሜራ አትስጪ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር በይና ፊትሽን ብቻ መልሽው። ክንድሽን ጎንሽ ላይ አትለጥፊ፣ ሲጫን ተዘርግቶ ወፍራም ይመስላል ወገብሽንም ይውጠዋል፣ በክንድሽና በወገብሽ መሀል ከኋላ ያለው ነገር ይታይ። እጅሽ ሲታይ በጎኑ በትንሿ ጣት በኩል ይታይ፣ የእጅ ጀርባ ሙሉውን ወደ ካሜራ ከዞረ ፊት ሚያክል ነገር ነው ሚሆነው። አንገት ደግሞ፣ ማን ነው በር ሚያንኳኳው ብለሽ በመስኮት እንደምታዪው አገጭሽን ትንሽ ወደፊት ከዛ ትንሽ ዝቅ። አንቺ ስታደርጊው ያስቃል ፎቶው ላይ ግን መንጋጋሽ ከአንገትሽ ለይቶ ይወጣል። ሰው ሚያረገው ተቃራኒውን ነው፣ አገጩን ወደኋላ ይስባል።

ድርቅ ማለቱ ብዙ ጊዜ ሚመጣው ትንፋሽ ስለምትይዙ ነው። 1፣ 2፣ 3 ሲባል ሁሉም አየር ይስባል ትከሻው ይነሳል። አንቺ 2 ላይ አስወጪው። አይንሽን ጨፍነሽ 3 ላይ ክፈቺው፣ ፊትሽም አብሮ ይላላል። ባይሆን ደሞ ቁሚ ካላለሽ በስተቀር አትቁሚ፣ ከዛ ድንጋይ እስከዚህ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ ዞር በይ፣ ተመለሺ፣ እሱ ያንሳ። እኔ ለ1 ቀሚስ ከ60 እስከ 80 ፎቶ አንስቼ 5 ወይም 6 ነው ምሰጠው፣ ስለዚህ 70ው ቢበላሽ ማንም አያየውም።

ሎጎዋ፦
እኔ ሐይቅ ነኝ፣ 2 ጊዜ ለልብስ ሱቅ ተነስቻለሁ። ፎቶ አንሺው ስለ አቋቋም ጨርሶታል እኔ እሱ ማያውቀውን ልንገርሽ። የውስጥ ልብስ! የሀበሻ ቀሚስ ነጭ ነው ስስ ነው፣ ነጭ የውስጥ ልብስ ከለበስሽበት ከውጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የቆዳሽን ቀለም ሚመስል ነው ሚፈለገው ዳር ዳሩ ስፌት የሌለው ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ጠዋት ከቤት ስትወጪ ሚያጠብቅ ካልሲ፣ የእጅ ሰአት፣ ላስቲክ፣ ጠባብ ጂንስ አታርጊ፣ ቆዳ ላይ ሚተወው መስመር እስኪጠፋ 1 ሰአትም ሊፈጅ ይችላል።

አዲስ ክሬም ከዛሬ ጀምሮ እንዳትሞክሪ። እኔ የመጀመሪያው ጊዜ ፊቴ ያብራ ብዬ ጓደኛዬ የሰጠችኝን ተቀብቼ በ2ኛው ቀን አገጬ ላይ ሽፍታ አወጣሁ፣ ፎቶ አንሺው በኤዲት አጠፋዋለሁ ብሎ አጠፋው፣ ከሽፍታው ጋር ግን ቆዳዬንም አጠፋው ፕላስቲክ መሰልኩ። ቅንድብሽንም ሀሙስ ተሰሪ አርብ ማታ አደለም፣ ይቀላል።

ጫማ! ቀሚሱ የተሰፋው ባንቺ ልክ ስላልሆነ ወይ ያጥርሻል ወይ መሬት ይጠርጋል፣ ባለተረከዝም ፍላትም ያዢ፣ በመሀል ምትሄጂበት ነጠላ ጫማ ደግሞ ለብቻ። መርፌ ቁልፍ ብዙ ብዙ ያዢ፣ ወገቡ ሰፊ ሲሆን ከኋላ ሰብስበሽ ትይዢዋለሽ ከፊት ማንም አያውቅም፣ ካታሎግ ላይ ልክክ ብሎ ምታዪው ልብስ ግማሹ ከኋላው በመርፌ ነው የቆመው ወላሂ። ቀሚሶቹ ታጥፈው በፌስታል እንዳይመጡ፣ ተተኩሰው በመስቀያ። እጥፋቱ በአይን ላይታይ ይችላል ካሜራው ግን ያየዋል።

ደሴ ጥቅምት ላይ ጠዋት ብርዱን ታውቂዋለሽ፣ ቀሚሱ ላይ ጋቢ ደርበሽ ቆይና ሊያነሳ ሲል ብቻ አውልቂ፣ አለዚያ ክንድሽ የተላጨ ዶሮ ይመስላል። ከዛ ኮምቦልቻ ስትወርጂ ወደ 600 ሜትር ነው ከፍታው ሚቀንሰው ሌላ አገር ነው ያልብሻል። ሐረጎ ላይ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሚያዞርሽ ከሆነ ቁርስ ቀለል ያለ ብዪ፣ ግን ሳትበዪ እንዳትሄጂ፣ ሆዴ ይግባ ብላ ሳትበላ መጥታ 5 ሰአት ላይ የወደቀች ልጅ አይቻለሁ። አርብ ማታ ጨው የበዛበት ነገር ይቅርብሽ ጠዋት አይንሽ ስር ያብጣል፣ ተኚ።

ሹሩባ_ሰሪዋ፦
ሰኞ ገበያ ጋ ፀጉር ቤት አለኝ ሜካፕም እሰራለሁ። ፀጉርሽን ሹሩባ ከሆነ ምትሰሪው ቅዳሜ ጠዋት አትምጪ ሀሙስ ነይ፣ አዲስ ሹሩባ ግንባር ይስባል አይን ይወጥራል ሥሩም ይቀላል፣ 2 ቀን ሲቆይ ነው ምችት ሚለው። ቅባቱ ፀጉሩ ላይ ይሁን ግንባር ላይ እንዳይወርድ፣ ፀሐይ ላይ መብራት ነው ሚሆነው።

ሜካፕ ላይ አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ፣ ኤችዲ ሚባለውን ነጭ ፓውደር ያለ ሙከራ እንዳትቀቢ። ውስጡ ሲሊካ ነው፣ በአይን አይታይም ፍላሽ ሲመታው ግን ፊት ነጭ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ሰንስክሪንም ዚንክ ወይ ታይታኒየም ያለበት ከሆነ እንደዛው ያረጋል። እኔ ስጀምር አንዲት ሚዜ ላይ ደርሶብኛል፣ በአካል ቆንጆ ነበረች አልበሙ ላይ ፊቷ ሌላ አንገቷ ሌላ። ተቀብተሽ ስትጨርሺ ጨለማ ክፍል ገብተሽ በስልክሽ ፍላሽ አንዴ ተነሺና እዪው፣ በቃ ታውቂያለሽ። ፋውንዴሽን ደግሞ እጅ ላይ አደለም ሚሞከረው መንጋጋ ላይ ነው፣ አንገት ላይ ሲገባ ሚጠፋውን ውሰጂ፣ የሀበሻ ቀሚስ አንገቱ ክፍት ስለሆነ ልዩነቱ ይጮሃል። ኮምቦልቻ ሲያልብሽ ላብ ላይ ፓውደር አትደራርቢ፣ መጀመሪያ በሶፍት ተጫኚው አትጥረጊው፣ ከዛ ትንሽ ፓውደር።

እና ቀሚስ ስትቀይሪ ፊትሽ ላይ ስስ ሻሽ ጣል አርገሽ ነው ምታጠልቂው። 5 ነጭ ቀሚስ 5 የሊፕስቲክ አሻራ ማለት እኮ ነው፣ ለሽያጭ ነው ብለሻል አይደል። እጅሽን ሎሽን ማታ ተቀቢ፣ ጠዋት ቫዝሊን ተቀብተሽ ጥበብ እንዳትነኪ።

ጦሳ_አናት፦
ጀመዓ ግን አታካብዱት እንጂ። የወሎ ልጅ ቁሚ ስትባል ብትቆም በቃ አደለም እንዴ፣ ቁንጅና ልምምድ ይፈልጋል? መርፌ ቁልፍ ሲሊካ ምናምን፣ ልጅቷን አስፈራራችኋት።

ሎጎዋ፦
@ጦሳ_አናት የወሎ ልጅ ቆንጆ ናት እያላችሁ ስትዘፍኑ ሰው ስራውን እንደ ስራ አያየውም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ ቆንጆ ስለሆነች ብቻ መሰለህ እ.ኤ.አ በ2003 የሜካፕ ኩባንያው ኤስቴ ላውደር ፊቴ ሁኚ ያላት፣ ያኔ በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በኋላ እሷም በ2007 ለምለም ብላ የራሷን የልብስ ድርጅት ከፍታ እዚህ አገር በሸማኔ እያሸመነች ነው የሸጠችው። ልብስ እንዴት እንደሚታይ ማወቅ ሙያ ነው።

ጦሳ_አናት፦
እሺ ተሸነፍኩ 🙏 ግን ቆንጆ ነን

ቦርከና_ካሜራ፦
ስለ ብርሃን ረስቼ ነበር፣ ፕሮግራሙን ሳየው ሰአቱ አልተጻፈም። አይጠየፍ ጋ ከ12 ተኩል እስከ 2 ተኩል ጨርሱት። 6 ሰአት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አይንሽ ጉድጓድ ይሆናል አፍንጫሽ ስር ጢም ይበቅላል፣ ነጩ ቀሚስ ደግሞ ይቃጠልና ጥበቡ አይለይም። ለከሰአት እናድርገው ካሉሽ ደሴ ላይ እንዳትሞኚ፣ ፀሐይዋ ጦሳ ተራራ ጀርባ ስለምትገባ ከሌላ አገር ቀድማ ነው ምትጠፋው። ሰአቱ ካለፈባችሁ ጥላ ፈልጉ፣ የግንብ ጥላ እንጂ የዛፍ አይሁን፣ የዛፍ ጥላ ፊት ላይ ነብር ይሰራል። ለምለም ሳር ላይም አትቀመጪ አረንጓዴው ነጭ ቀሚስ ላይ ይወጣል።

ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ በዛብኝ ብሎ ያጨልመዋል ያኔ የሀበሻ ፊት ጥቁር ይላል፣ ልጁ ሚያውቅ ከሆነ ያስተካክለዋል፣ ባያውቅም ግን ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂ ነጭ አንሶላ ይዞ ከደረትሽ በታች ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ ፊትሽ ይመልስልሽ። እናትሽም ብቻዋን አልሄደችም ትላለች። አይጠየፍ ቅርስ ስለሆነ ሰፊዋ ቀድማ ታስፈቅድ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሰሩት ግብር ቤት ነው፣ ስሙም ደሀ ሀብታም ሳይል ሁሉም ይበላበት ስለነበር ነው ይባላል፣ ካሜራና 5 ቀሚስ ይዞ የመጣን ግን ዘበኛው ሊጠየፍ ይችላል 😄

የቧንቧውሃዋ፦
ወይኔ እግዜር ይስጣችሁ፣ ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩት። ወንድሜ አንሶላ ለመያዝ 2 በርገር ጠይቋል። አንድ ጥያቄ፣ ጥርሴ ትንሽ ተደራራቢ ነው አፌን ልዝጋ ወይስ ልሳቅ? ሌላ ደግሞ ይሄን ጥያቄ ከለጠፍኩ በኋላ አንዱ በውስጥ የአዲስ አበባ ኤጀንሲ ነኝ ብሎ መጣ፣ ለምዝገባ ብር ላኪና በዋና ልብስ ሆነሽ ፎቶ ላኪ አለኝ፣ እውነት ይሆን?

ሎጎዋ፦
ብሎክ። ብሎክ። ብሎክ። ኤጀንሲ ሚኖረው ስራ አግኝቶልሽ ከምታገኚው ላይ ኮሚሽን ሲወስድ ነው፣ ገና ሳይጀምር ካንቺ ኪስ አደለም። እውነተኛ ኤጀንሲ መጀመሪያ ሚጠይቅሽ ፎቶ ደግሞ ተራ ነው፣ ያለ ሜካፕ፣ ያለ ፊልተር፣ ፀጉር ከፊት ተነስቶ፣ ቲሸርትና ሱሪ፣ ነጭ ግድግዳ ፊት በመስኮት ብርሃን፣ ፊት ለፊት አንድ፣ በጎን አንድ፣ ሙሉ ቁመት አንድ። በቃ። ገላሽን በቴሌግራም ለማታውቂው ሰው አትላኪ፣ እሱ ሞዴል አይደለም ሚፈልገው። ጥርስሽን ሳቂበት አቦ፣ ተዘግቶ ሚሳቅ ሳቅ ነው ሚያስጠላው።

ቦርከና_ካሜራ፦
ሰልፊ ስትለማመጂም ከፊትሽ በጣም አታስጠጊው፣ ሰፊው ሌንስ አፍንጫ ያስረዝማል ጆሮ ይደብቃል፣ ሰው ሁሉ አስቀያሚ ነኝ ሚለው ከዛ ነው። ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስቀምጪና 2 ሜትር ራቂ።

ሕግ_ተማሪ_ወሎ፦
ስለ አቋቋም አላውቅም ግን ማንም ስላላነሳው ልበል። ፎቶው የት የት እንደሚወጣ ቀድማችሁ ተስማሙ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ አደባባይ ላይ መለጠፍ፣ ማባዛትና መሸጥ አይቻልም ይላል፣ አሮጌ ሕግ ነው ግን አለ። ትልቅ ውል አያስፈልግም፣ በቴሌግራም ለቻናልሽና ለቲክቶክሽ ብቻ፣ ለዚህን ያህል ጊዜ፣ ለሌላ ሱቅ አሳልፈሽ አትሰጪም ብለሽ ጻፊላት እሷም እሺ ትበልሽ፣ ስክሪንሾት ያዢ። 2ቱን ቀሚስ አንቺ ነሽ ምትመርጪው ወይስ እሷ፣ እሱንም ጻፉት።

ሹሩባ_ሰሪዋ፦
ይሄ ልጅ እውነቱን ነው። የኔ አንዷ ደንበኛ ለሹሩባ ፎቶ ተነስታ ከአመት በኋላ ራሷን ሌላ ከተማ ባነር ላይ አገኘችው፣ ማታውቀው ፀጉር ቤት፣ ባሏ ነው ከመኪና ውስጥ ያየው።

ሂጃብ_ነኝ፦
እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ ነበረኝ፣ አባያና ሂጃብ ለሚሸጥ ልነሳ ነው፣ አንገት መንጋጋ ያላችሁት ለኔ ይሰራል?

ቦርከና_ካሜራ፦
@ሂጃብ_ነኝ አገጭ ወደፊት ዝቅ እሚለው ለሂጃብ እንዲያውም ይበልጥ ያስፈልጋል፣ አገጭሽ ወደ ኋላ ከሄደ ጨርቁ ስር ይሰበሰባል። ጥቁር አባያ ከሆነ ጥቁር ግድግዳ ፊት አትቁሚ ጭንቅላትና እጅ ብቻ ነው ሚቀረው። ሰፊ ልብስ ቆሞ ድንኳን ነው፣ ሲራመድ ግን ቅርጹን ያወጣል፣ ስለዚህ ተራመጂ። ስፒሎቹ ራስ ያላቸው ከሆኑ ያብረቀርቃሉ ደብቂያቸው።

የቧንቧውሃዋ፦
ቅዳሜ ማታ ነው፣ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው ምጽፈው። ሆነ!

አይጠየፍ 1 ሰአት ላይ ጀመርን፣ ብርዱ ለጉድ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 20 ፎቶዎች ላይ የፖሊስ ጣቢያዋ እኔው ነኝ። ከዛ ፎቶ አንሺው ራሱ ተጨንቆ መጣ፣ እኔ ደግሞ ሰፊዋን የዚህ ቀሚስ ነገሩ ምኑ ነው አልኳት፣ ልጅቷ ግማሽ ሰአት ስለ ጥለቱ አወራችን፣ እሱም እንዴት እንደሚያነሳ ገባው እኔም እጄን የት እንደማደርግ ገባኝ። ነጠላውን ይዤ ስሄድ ስመለስ ስሄድ ስመለስ፣ ሐረጎ ላይ የጭነት መኪና ሹፌሮች ክላክስ እያረጉልን ወንድሜ አንሶላውን ባንዲራ አስመሰለው። ትንፋሽ 2 ላይ ማስወጣቷ ሰርታለች። መርፌ ቁልፍ 14 ጨርሻለሁ። ከቀሚሶቹ አንዱ ላይ ሊፕስቲክ ነክቷል፣ ሻሹን ረስቼ፣ ያንኑ ቀሚስ ነው ከ2ቱ አንዱ አርጋ የሰጠችኝ።

ፎቶዎቹ ሐሙስ ነው ሚደርሱት ግን አንዱን ዛሬውኑ ለቻናሉ ሽፋን መርጣ ለጠፈችው። 5 ቀን ሙሉ ስለ ፊቴ ስለ ጥርሴ ስለ አገጬ ስጨነቅ ከረምኩ አይደል፣ የለጠፈችው ከኋላ ነው፣ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል እያየሁ፣ ጥበቡ ከማጅራቴ እስከ ታች ሚወርደው ቀሚስ፣ ሹሩባዬና ጀርባዬ ብቻ። እናቴ አይታ ማን ናት ይቺ አለች።

ፒያሳ_ነኝ፦
እጅሽስ?

የቧንቧውሃዋ፦
አይታይም 😂